ሀሁን በዜማ ለሚያውቅ፣ ፊደል ግን ለማይለይ ልጅ፦ ቤት ውስጥ እንዴት እናስተምር

ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ ላይ ሀሁን ከላይ እስከ ታች አንድም ሳትስት ትለው ነበር። እንግዳ ሲመጣ "እስቲ በይ" እንላታለን፣ ትለዋለች፣ ይጨበጨባል። አንድ ቀን ወረቀት ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አበጀሁና የፊደል ገበታው ላይ አስቀምጬ "ይቺ ማናት?" አልኳት። በቀዳዳው የታየችው መ ነበረች። ዝም አለች። ከዚያ በሹክሹክታ "ሀ ሁ ሂ ሃ..." እያለች ከላይ ቆጥራ ልትደርስባት ሞከረች፣ ግን ሌላው ሁሉ ስለተሸፈነባት የት እንደደረሰች ጠፋት። ልጄ የምታውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ይሄ የሆነው በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። በ2014 ደግሞ በጦርነቱ እንደገና ተዘጋ። እኛ ደሴ ነን፣ ሁለቱንም ያየን ሰዎች ነን። መምህር አይደለሁም። ግን ትልቋን ሁለት ጊዜ ተገድጄ፣ ትንሹን ደግሞ አሁን ወድጄ ቤት አስተምሬያለሁ፣ እና የሰራልኝንም ያበላሸሁትንም ልጽፍላችሁ ነው። በተለይ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ልጅ ላላችሁ። ትምህርት ቤቱ የተዘጋባችሁም፣ ልጁ ገና ያልገባም፣ ገብቶ ወደኋላ የቀረባችሁም ብትሆኑ መንገዱ ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ

አሰልቺ ነው ግን ይቅደም። ልጁ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ከነበረ የውጤት ካርዱን ተቀበሉና ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ስሙ ከመዝገብ እንዳይወጣ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። ቤት ውስጥ ምንም ያህል ጎበዝ ብታደርጉት የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ የሚያስቀምጠው የትምህርት ቤቱ ስም ዝርዝር ነው። የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ በእጃችሁ አድርጉ፣ በስልክ ፒዲኤፉም ይበቃል። እንደ መጽሐፉ ካልሄድኩ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ግን መጽሐፉ የት እንደደረሰ እወቁ።

ሰዓት

እኔ የጀመርኩት እንደ ትምህርት ቤት ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት፣ በመሀል ዕረፍት፣ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ አልጋ ስር ገብታ አልወጣም አለች፣ እኔም ምሳ አላደረስኩም፣ ባለቤቴም ሲመጣ ቤቱ የለቅሶ ቤት መስሎ ጠበቀው።

አሁን የማደርገው ይሄን ነው። ጠዋት ቁርስ እንደተበላ 20 ደቂቃ ፊደል። ቡና ሲፈላ 20 ደቂቃ ቁጥር። አለቀ። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ቁጭ ማለት ለእናንተም ለእሱም ቅጣት ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ላይ ሦስተኛ 20 ደቂቃ ጨምሩ። ከምሳ በኋላ አትሞክሩት። ማታም መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ባይጠፋም እናንተ ራሳችሁ ደክማችኋል፣ ደክሞት የሚያስተምር ሰው ደግሞ ይጮሃል። ከራሴ ነው የማውቀው።

ሰዓቱን ከቡናው ጋር ያሰርኩት በምክንያት ነው። ቡናው በየቀኑ ይፈላል። ፕሮግራም ይረሳል፣ ቡና ግን አይረሳም።

ፊደል፦ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

ገበታው ላይ 33 ቤት አለ፣ እያንዳንዱ ሰባት ልጆች አሉት፣ በድምሩ 231። ይህን ሁሉ እንደ ስልክ ቁጥር አስሸምድዱ ከተባላችሁ ልጁም እናንተም ታልቃላችሁ። የምስራቹ፣ ማወቅ ያለበት 231 ነገር አይደለም። 33 ቅርጽና ጥቂት ምልክቶች ናቸው።

አንደኛ፣ ከሀ አትጀምሩ። ከስድስት ቤቶች ጀምሩ፦ ለ፣ መ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ረ። ለምን እነዚህ? በእነሱ ብቻ ብዙ ቃል ይጻፋል። ላም፣ ቤት፣ በር፣ በሬ፣ ብር፣ ማር፣ ልብ፣ ሎሚ፣ ማታ፣ ነብር፣ ተራራ፣ መብራት። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት "ቤት" ብሎ ራሱ አንብቦ ቤቱን ዞር ብሎ ሲያይ ታገኙታላችሁ። ሀሁን በተራ ብትሄዱ ግን ለዚህ ለመድረስ ወር ይፈጃል። የልጁ ስም ውስጥ ያሉትን ፊደላትም ጨምሩ፣ ማንም ልጅ የራሱን ስም አይጠላም።

ሁለተኛ፣ ካርዶች ሥሩ። የብስኩት ካርቶን በመዳፍ ልክ ቆርጣችሁ በማርከር ጻፉ። የሚገዛ ነገር የለም። መጀመሪያ ስድስቱን ግዕዞች ብቻ፣ ማለትም የየቤቱን የመጀመሪያ ፊደል። ስድስቱን በየትኛውም ቅደም ተከተል ብትገለብጡበት ሳይቆጥር ሲለይ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሦስተኛ፣ ምልክቶቹን አሳዩት። ይሄን ትምህርት ቤት ቁጭ አድርጎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ካዕብ፣ ማለትም ሁለተኛው ፊደል፣ ቀኝ ወገቡ ላይ ሰረዝ አለው፦ ሉ፣ ሙ፣ ቡ፣ ቱ፣ ኑ። ሳልስ፣ ሦስተኛው፣ ሰረዙ ወደ እግሩ ይወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ቲ፣ ኒ። ኃምስ፣ አምስተኛው፣ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ቴ፣ ኔ። ራብዕ፣ አራተኛው፣ ላይ ባለ ሁለት እግሩ ቀኙ ይረዝማል፣ ላ እና ባን ተመልከቱ፤ ባለ አንድ እግሩ ደግሞ ይታጠፋል፣ ታ እና ና። ለልጄ እንዲህ ነበር የምላት፦ "ኡ ወገቡን ይዟል፣ ኢ ጫማ አድርጓል፣ ኤ አልቦ አስሯል።" አልቦዋን ወደደቻት። ለሳምንት ያገኘችውን ኃምስ ሁሉ አልቦ እያለች ስትጠራ ነበር።

ሳድስና ሳብዕ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው፣ ግን ሕግ አያውቁም፣ እነሱን በዓይን መልመድ ነው። ደግሞ ረ አመጸኛ ነው፣ ሩ ሰረዙን ወገቡ ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ ነው ያደረገው። ፈም እንደ እሱ ነው። ስለዚህ የረን ቤት ከስድስቱ መጨረሻ አድርጉት። ልጁ ሕጉን ከያዘ በኋላ "ይሄ ደግሞ እምቢተኛው ነው" ስትሉት ይስቃል እንጂ አይደናገርም።

አራተኛ፣ ቆብ። ሰ ቆብ ሲያደርግ ሸ ይሆናል። ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ፣ ዘ ዠ፣ ከ ኸ። ስድስት ቤት በአንድ ቀን ጨመራችሁ ማለት ነው። ኸ የት ይገኛል ቢላችሁ እኛ አገር ምሳሌ አይጠፋም፣ "ሼኽ" ብላችሁ ጻፉለት። ጠ እና ጨ ላይ ለውጡ እግር ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ቀዳዳዋ ወረቀት። በየሳምንቱ ዓርብ አሥር ፊደል በቀዳዳ አሳዩት። ሰባትና ከዚያ በላይ ካወቀ አዲስ ቤት ጨምሩ፣ ካላወቀ አትጨምሩ። የቆየው ቄስ ትምህርት ቤትም ይሄን ችግር ያውቀው ነበር እኮ። ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚባለው ለምን የመጣ ይመስላችኋል? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ብላችሁ ብታዩት አ ግዕዝ ነው፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሳልስ፣ እያለ እስከ ሳብዕ ይወርዳል፣ በየቤቱ እየዘለለ። ዜማውን የለመደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። እኔ አቡጊዳን የሽማግሌ ነገር አድርጌ ነበር የማየው፣ አሁን ግን ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል።

ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ደግሞ ስለ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ብዙ ወላጅ ይጨነቃል። አብሽሩ። ድምፃቸው በአማርኛ አንድ ነው። ልጁ "ሰላም"ን በሠ ቢጽፈው ቀይ እስክሪብቶ አታንሱ። መንትዮች ናቸው በሉትና እለፉ፣ የትኛው የት እንደሚገባ እያነበበ ይለምደዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ መጥበቅና መላላት። ፊደላችን አያሳየውም። ትልቋ አንድ ቀን "ገና አልደረሰም" የሚል ጻፍኩላትና አነበበችው፣ አላልታ። "ምኑ ነው ያልደረሰው?" አለችኝ። "በዓሉ" አልኳት። ግራ ገባት። ከዚያ አጥብቃ ደገመችው፣ "ገና!" ብላ ሳቀች። በኋላ ለአያቷ ለማስነበብ ወረቀቱን ይዛ ሮጠች። ስለዚህ ልጁ ቃሉን አንብቦ የማያውቀው ቃል ከመሰለው "አጥብቀህ ሞክረው" በሉት። ቃላትን ብቻቸውን ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስነብቡ፣ ትርጉሙ ራሱ ያርመዋል።

መጻፍ ላይ አጭር ልበል። መጀመሪያ ትሪ ላይ ዱቄት በትናችሁ በጣት ይጻፍ። ከዚያ ጠመኔ፣ ጥቁር ቀለም በተቀባ ኮምፖርሳቶ ላይ። እርሳስ መጨረሻ። ትንሽ እጅ ላይ እርሳስ ከባድ ነው፣ የደከመችውን እጅ ስንፍና ነው ብዬ የተቆጣሁበትን ቀን አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ቁጥር፦ ሲኒና ብር

እስከ አሥር መቁጠር ከቡናው ጋር ይሄዳል። ስንት ሰው አለ? ስንት ሲኒ አለ? ስንት ጎደለ? ትንሹ መቀነስን የተማረው ሲኒ ሲያቀርብ ነው፣ አቦል ላይ ሰባት ሰው ነበርን፣ በረካ ላይ አራት ቀረን፣ ሦስት ሲኒ ይመለስ።

ከአሥር በላይ ግን ብር ተጠቀሙ። የእውነት ብር። ሃያ ያህል ባለ አንድ ብር ሳንቲምና አምስት ስድስት ባለ 10 ብር ኖት ያዙ፣ ለትምህርት ብቻ የሚቀመጥ፣ ካልሆነ ሎሚ ሲያልቅ ይወጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሳንቲሙ አሥር ከሞላ በአንድ ባለ 10 ይቀየራል። ልጁ የአንድ ቤትና የአሥር ቤት የሚባለውን በዚህ ይረዳዋል፣ ማንም ሳያብራራለት።

ትልቋ 32 ሲቀነስ 17 ላይ ለሁለት ሳምንት ተጣብቃ ቀርታ ነበር። "ከሁለት ሰባት አይቀነስም፣ ከጎረቤት ተበደሪ" እያልኩ ነበር የማስረዳት። "መቼ ትመልስለታለች?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የተበደረ ይመልሳል። ብድሩን ተውኩትና ሦስት ባለ 10 ኖትና ሁለት ሳንቲም ሰጠኋት። "ባለ ሱቅ ነኝ፣ 17 ብር ክፈይኝ" አልኳት። ሳንቲሟን አየች፣ ሁለት ብቻ ናት። አንዱን ባለ 10 አንስታ "ዘርዝሪልኝ" አለችኝ። ዘረዘርኩላት። አሁን ሁለት ኖትና 12 ሳንቲም አላት። አንድ ኖትና ሰባት ሳንቲም ከፈለች። እጇ ላይ የቀረውን ቆጠረች፣ 15። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት መበደር የሚባል ነገር የለም፣ መዘርዘር ነው። ደብተር ላይ ስትሰራም አሥሩን ሰርዛ "ዘረዘርኩ" ትላለች።

ገበያ ስትሄዱ ውሰዱት። ሽንኩርት ስትገዙ መልሱን እሱ ይቁጠር። ቸኩላችሁ ከሆነ ግን አትሞክሩት፣ ወረፋ ላይ የልጅ ሂሳብ የሚጠብቅ ነጋዴ የለም።

ሰዓትና ቀን መቁጠሪያም ሂሳብ ነው። ስልካችሁ 8 ሲል እኛ 2 እንላለን፣ ልዩነቱ ምንጊዜም ስድስት ነው። 12 ወር በ30 ቀን፣ ጳጉሜ አምስት፣ ድምሩን ይሥራው። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፣ 2015 ላይ እንደሆነችው። ቀጣዩዋ መቼ ናት ብላችሁ ለትልቁ ልጅ ስጡት።

አካባቢ፦ በሚኒባስ

ይሄን ክፍል ከሁሉም እወደዋለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቀን ለጉዳይ ስንወርድ ልጆቹን ሹራብ አልብሼ ይዣቸው ሄድኩ። ገና መውረጃው ሳያልቅ ትንሹ ሹራቡን አወለቀ። "ለምን ሞቀህ?" "ፀሐይ ስለወጣ።" "ደሴም እኮ ወጥታ ነበር።" ዝም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በየ1,000 ሜትሩ ስትወርዱ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ በዚያች መንገድ 4 ዲግሪ ያህል ታገኛላችሁ። ደጋና ወይና ደጋ የሚለውን ከመጽሐፍ ከማስሸምደድ ይልቅ ሹራብ ማስወለቅ ይቀላል። አቅም ያለው እስከ ባቲ ይቀጥልና ወደ ቆላው ጠጋ ያለውን ያሳያቸው፣ ሰኞ ከሆነ ገበያውንም ያያሉ። ቦርከናን በመንገድ ላይ አሳዩአቸው፣ ደሴ ላይ ያዩት ወንዝ ኮምቦልቻም ሲያገኛቸው ይገረማሉ።

አሥር ዓመት ለደረሰ ልጅ ሐይቅ መስመር ላይ ውጫሌ አለችላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት መነጋገር ይችላሉ ይላል፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ትልቋን "ይችላል" እና "አለበት" በሚሉት ቃላት አምስት አምስት ዓረፍተ ነገር አጻፍኳት። "በዚህች ምክንያት ነው አድዋ የተሄደው?" አለችኝ። በዚህች ብቻ አይደለም፣ ግን በዚህችም ነው አልኳት።

ብቻችሁን አትሥሩት

የእንግሊዝኛው ነገር እኔ ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ሁለት እናቶች ጋር ተስማማን። አንዷ ማክሰኞና ሐሙስ የሦስታችንንም ልጆች እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ እኔ ፊደልና ሂሳብ እይዛለሁ፣ ሦስተኛዋ ሥዕልና እጅ ሥራ። ገንዘብ የለበትም። የአንዷ ልጆች ከሰዓት ቁርአን ቤት ይሄዳሉ፣ ሉሃቸውን፣ ማለትም የሚቀሩበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ይዘው ነው የሚመጡት፣ የኔዎቹ ደግሞ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ስለዚህ ሰዓቱን በእነዚህ ዙሪያ ነው የምንቆርጠው። የሉሁ ልጆች የመያዝ ችሎታቸው ያስቀናኛል።

አያትም ካለች ትጠቀስ። አማቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን ማታ "እንቆቅልሽ" ስትል ልጆቹ "ምን አውቅልሽ" ብለው ይሰበሰባሉ። እሷ የተናገረችውን ተረት በማግስቱ እኔ በአምስት መስመር እጽፈዋለሁ፣ ልጆቹ ያነቡታል። ታሪኩን ስለሚያውቁት ቀጣዩን ቃል ይገምታሉ፣ ግምታቸውን ፊደሉ ያረጋግጥላቸዋል። የሚነበብ መጽሐፍ ለሌለው ቤት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

አስጠኚ መቅጠርን በተመለከተ አንዴ ሞክሬዋለሁ። አስጠኚው ጨዋ ልጅ ነበር፣ ግን የቤት ሥራውን ራሱ እየሰራላት ነው የሚሄደው። ደብተሩ ሙሉ እርማት፣ ልጅቷ ባዶ። ሁለት ወር ከከፈልኩ በኋላ ነው በቀዳዳዋ ወረቀት የያዝኩት። ብትቀጥሩ መጀመሪያ ሳምንት አጠገቡ ቡና አፍሉ።

የከፋው ቀን

ይመጣል። ልጁ ያለቅሳል ወይ እናንተ ትጮሃላችሁ። እኔ አንድ ቀን ደብተር ወርውሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ሕግ፦ ድምፄ ከፍ ካለ ትምህርቱ ያን ሰዓት ያበቃል፣ ጥፋተኛው ማንም ይሁን። በማግስቱ ከሚያውቀው ነገር ነው የምንጀምረው፣ ከተጣላንበት አይደለም።

ቀኑን፣ የተማረውንና የተሳሳተውን በአንድ ደብተር ላይ በሁለት መስመር ጻፉ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ይሄን ደብተር ይዤ ነበር የሄድኩት። መምህርቷ መጀመሪያ ፊቷን አኮሳተረች፣ ከዚያ ገለጥ ገለጥ አድርጋ "ሳድስ ላይ ነው የምትሳሳተው ማለት ነው" አለችኝ። አዎ፣ በተለይ ስ እና ሰ። ልጅቷን ፊት ወንበር አስቀመጠቻት።